አንድ ሽጉጥ፣ አንድ ቢሊዮን ማርክ፦ የኖቬምበር 1938 የጅምላ ወቀሳ የጉዳይ ጥናት

ኖቬምበር 12 ቀን 1938 የናዚ ጀርመንን ኢኮኖሚ ይመራ የነበረው ሄርማን ጎሪንግ አንድ አጭር ድንጋጌ ፈረመ። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መግቢያው፣ አይሁድ ለጀርመን ሕዝብና መንግሥት ያላቸው ጠላትነት ከፈሪ ግድያ እንኳ ስለማይመለስ ቆራጥ መከላከልና ከባድ ማስተሰረያ ያስፈልገዋል ይላል። አንቀጽ 1 «የጀርመን ዜግነት ያላቸው አይሁድ በጠቅላላ» ለመንግሥት 1,000,000,000 ራይክስማርክ እንዲከፍሉ ያዛል። አንቀጽ 2 አፈጻጸሙን ለገንዘብ ሚኒስትሩ ይተዋል። ድንጋጌው ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ግድያ የተባለው፣ ከአምስት ቀን በፊት ፓሪስ ላይ አንድ የ17 ዓመት ልጅ የፈጸመው ነው። ልጁ ሄርሼል ግሪንሽፓን ይባላል። ሃኖቨር ተወልዶ ያደገ ቢሆንም ወላጆቹ ፖላንዳውያን ስለነበሩ ጀርመናዊ ዜግነት ኖሮት አያውቅም። እንግዲህ ድንጋጌውን ቃል በቃል ላነበበው፣ ተኳሹ ራሱ ከከፋዮቹ መካከል የለም። ማስተሰረያው የተጣለው ልጁን በዓይናቸው አይተውት በማያውቁ፣ በዜግነትም ከእሱ ጋር በማይገናኙ ሰዎች ላይ ነው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንላለን። ብርሌ ጠጁን ያሳያል እንጂ ጠጅ አይጥልም። ከአንድ ልጅ ጥፋት ተነሥቶ አንድ ሕዝብ ላይ ዕዳ ለመጫን በዚያ ሰሞን የተነገሩት ምሳሌዎች ግን ማሳየት ሥራቸው አልነበረም። ማስረጃ ሊሞላው የሚገባውን ባዶ ቦታ ሞሉ። ይህ ጥናት ምሳሌዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ የት ላይ እንደሚሰበሩ ያያል።

ልጁ፣ ፖስት ካርዱ፣ ሽጉጡ

በማርች 1938 ፖላንድ ከአምስት ዓመት በላይ ውጭ የኖሩ ዜጎቿን ዜግነት ለመግፈፍ የሚያስችል ሕግ አወጣች። በኦክቶበር ደግሞ ውጭ ያለ ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ፓስፖርቱ ላይ ልዩ ማኅተም ካላስመታ አገሩ መግባት እንደማይችል አስታወቀች። ጀርመን ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ቀደመች። ከኦክቶበር 27 እስከ 29 ባሉት ቀናት 17,000 ያህል ፖላንዳውያን አይሁድን ከየቤታቸው አፍሳ ወደ ድንበር ወሰደች። ፖላንድም አላስገባም አለች። ዝቦንሺን በምትባል የድንበር ከተማ ሺዎች ወደፊትም ወደ ኋላም ሳይሉ በጋጣና በባዶ ሕንጻ ውስጥ ቀሩ። የሄርሼል አባት፣ እናት፣ እህትና ወንድም ከእነዚህ መካከል ነበሩ።

ልጁ ያኔ ፓሪስ፣ አጎቱ ዘንድ ነበር፤ ፈረንሳይ ውጣልኝ ስላለችው ተደብቆ ይኖራል። ኖቬምበር 3 ከእህቱ ፖስት ካርድ ደረሰው። ኖቬምበር 7 ጠዋት በ235 ፍራንክ ሽጉጥ ገዛና ሩ ደ ሊል ወደሚገኘው የጀርመን ኤምባሲ ሄደ። ሰነድ ይዣለሁ ሲል ኤርንስት ፎም ራት ወደሚባል የ29 ዓመት ጸሐፊ ቢሮ አስገቡት። አምስት ጊዜ ተኮሰ፤ ሁለቱ ጥይት መታው። አልሸሸም። ኪሱ ውስጥ ለወላጆቹ የጻፈው ካርድ ተገኘ፦ ስለ እነሱና ስለ 12,000 አይሁድ መከራ ልቡ እንደደማ፣ ዓለም እንዲሰማው አቤት ማለት እንዳለበት፣ እግዚአብሔርም ይቅር እንዲለው የሚል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ፎም ራት የግሪንሽፓንን ቤተሰብ አላባረረም። ኤምባሲ ውስጥ የተገኘ ጀርመናዊ ባለሥልጣን በመሆኑ ተመታ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው፤ ልጁም በራሱ መጠን የጅምላ ወቀሳን ስሌት ተጠቅሟል። ይህን መናገር ድንጋጌውን አያቀለውም። ልዩነቱ ያለው ቀጥሎ በሆነው ላይ ነው፤ የልጁን ጥፋት የሚመዝን የፈረንሳይ ዳኛ ነበር፣ የድንጋጌውን ጥፋት የሚመዝን ግን አልነበረም። ፈረንሳይ አጎቱንና የአጎቱን ሚስት ከሰሰች፤ ክሱ ግን ግድያ አልነበረም፣ ውጣ የተባለን የውጭ ዜጋ ማስጠለል እንጂ። የተፈረደባቸውም የወራት እስራት ነው። ሕግ ዘመድን ሲጠይቅ እንዲህ ነው የሚጠይቀው፦ አንተ ምን አደረግህ ብሎ።

ድንገተኛ ቁጣ በቴሌግራም

ፎም ራት ኖቬምበር 9 ከሰዓት በኋላ ሞተ። ያ ምሽት ናዚዎች የ1923ቱን የሙኒክ ግልበጣ ሙከራ የሚያስቡበት ነበርና አንጋፋ የፓርቲው ሰዎች በሙኒክ አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ተሰብስበው ነበር። የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ንግግር አደረገ። ፓርቲው ሰልፍ አያዘጋጅም፣ በራሱ የሚፈነዳውን ግን አያግድም የሚል መልእክት ነበረው። የተሰበሰቡት የክፍለ ሀገር ኃላፊዎች የምን ትእዛዝ እንደሆነ ገባቸውና ወደ ስልክ ሮጡ።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ55 የምስጢር ፖሊሱ የጌስታፖ ሹም ሃይንሪሽ ሙለር ከ20,000 እስከ 30,000 አይሁድ ለማሰር ተዘጋጁ፣ በተለይ ሀብታሞቹን ሲል በቴሌግራም አዘዘ። 7 ሰዓት ከ20 ላይ የጸጥታ ፖሊስ አዛዡ የራይንሃርድ ሃይድሪሽ ቴሌክስ ተከተለ። በራሱ የፈነዳ የተባለ ቁጣ መመሪያ ሲወጣለት ምን እንደሚመስል ለማየት ይህን ቴሌክስ ማንበብ ይበቃል፦ ምኩራብ የሚቃጠለው እሳቱ ወደ ጎረቤት የማይዛመት ከሆነ ብቻ ነው፤ የአይሁድ ሱቅና ቤት ይሰበራል እንጂ አይዘረፍም፤ የውጭ ዜጋ፣ አይሁዳዊም ቢሆን፣ አይነካም፤ የሚታሰሩት ያለው መያዣ ቦታ እስከሚፈቅድ ድረስ ነው፣ ለጊዜው ጤነኛና በዕድሜ ያልገፉ ወንዶች ይያዙ፤ ወዲያው ከማጎሪያ ካምፖች ጋር ተነጋገሩ።

የውጭ ዜጋ አይነካም የምትለዋ መስመር ልብ ትባል። ቁጣው እውነት በአይሁድ ደም ላይ ቢሆን ኖሮ ፓስፖርት አይጠይቅም ነበር። ጥበቃ የተደረገላቸው የሚጮህላቸው መንግሥት ስላላቸው ነው። የሚቃጠሉትም የሚጮህላቸው የሌላቸው ናቸው፤ ምርጫው በጥፋተኝነት አልነበረም።

በዚያ ሌሊትና በማግሥቱ ከ1,400 በላይ ምኩራቦችና የጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ ወይም ተሰባበሩ፤ 7,500 ያህል ሱቆች ወደሙ። መንግሥት ያመነው ሟች 91 ነው፤ ራሳቸውን ያጠፉትና በካምፕ የሞቱት ሲጨመሩ ቁጥሩ እጅግ ይበልጣል። 30,000 ያህል ወንዶች ወደ ዳካው፣ ቡከንቫልድና ዛክሰንሃውዘን ተወሰዱ። የመንገዱ መስታወት ስብርባሪ ለሌሊቱ «ክሪስታልናኽት» የሚለውን ስም አሰጠው።

አካልና ጣት

የመጀመሪያው ምሳሌ አካል ነው። ከኖቬምበር 8 ጀምሮ የጀርመን ጋዜጦች በታዘዙት መሠረት የፓሪሱን ተኩስ የፊት ገጽ አደረጉት። «ዓለም አቀፍ አይሁድ» የሚባል አንድ ፍጡር አለ፣ ልጁ የዚያ ፍጡር ጣት ብቻ ነው አሉ። ጣት ቢሰርቅ የሚታሰረው ሰውየው አይደለምን?

ምሳሌው እንዲሠራ አንድ ጭንቅላት ያስፈልገዋል፦ የወሰነ፣ ገንዘቡን የሰጠ፣ ሽጉጡን ያቀበለ። ናዚዎች ይህን ጭንቅላት ለመፈለግ ጊዜም ሥልጣንም አግኝተዋል። ጠበቃው ፍሪድሪክ ግሪምና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴሩ ቮልፍጋንግ ዲቨርገ ጉዳዩን ያዙ። በ1940 ክረምት ፈረንሳይ ስትሸነፍ ልጁ ራሱ ለጀርመን ተላልፎ ተሰጠ፤ ጌስታፖ እንዳሻው መረመረው። ለ1942 ትልቅ የሕዝብ ችሎት ተዘጋጀለት። የተገኘው አንድ ልጅ፣ አንድ ፖስት ካርድና የ235 ፍራንክ ሽጉጥ ነው። ልጁ ችሎት ላይ ሊናገር የሚችለው ነገርም ስላሰጋቸው ነገሩ ተድበስብሶ ቀረ።

ምሳሌው ሌላም ጉድለት አለው፤ ምንም ነገር ሊያፈርሰው አይችልም። የዓለም አይሁድ ጉባኤ ግድያውን ኮንኗል። አካል ነው ለሚል ሰው ግን ኩነኔው ማስመሰል ነው፣ ዝምታም ቢሆን ኖሮ ስምምነት ይሆን ነበር። ምን ቢያደርጉ ነጻ ይወጡ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ክስ፣ ስለ ድርጊት የቀረበ ክስ አይደለም። በሌላ ወገን ያሉ ሰዎችም ይህን ወጥመድ እያዩ ነበር የሚራመዱት። አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ዶሮቲ ቶምፕሰን ለልጁ ጠበቃ ገንዘብ ስታሰባስብ ከአይሁድ መዋጮ አይቀበሉም ነበር፤ ሴራ ነው እንዳይባል።

የሚገርመው፣ ያንን አንድ አካል ከወረቀት የሠራው የጀርመን መንግሥት ነው። በኦገስት 17 ቀን 1938 ድንጋጌ፣ ከተወሰኑ ስሞች ውጭ ያለ ስም የያዘ አይሁዳዊ ወንድ ሁሉ ከጃንዋሪ 1939 ጀምሮ «እስራኤል»፣ ሴት ሁሉ «ሣራ» የሚል ተጨማሪ ስም እንዲይዝ ታዘዘ። ከተኩሱ ሦስት ወር ገደማ በፊት መሆኑ ነው። መቶ ሺዎችን በሁለት ስም ከጠራህ በኋላ ሁሉም አንድ ናቸው ማለት ቀላል ነው።

እንጉዳዩ

ሁለተኛው ምሳሌ ከሁሉ የከረመው ነው። በዚያው በ1938 የፀረ-አይሁድ ጋዜጣ አሳታሚው የዩሊዩስ ሽትራይኸር ማተሚያ ቤት ኑረምበርግ ላይ ለልጆች የሚሆን ባለ ሥዕል መጽሐፍ አወጣ፤ ርእሱ «መርዛሙ እንጉዳይ» ነው። እናትና ልጅ ጫካ ገብተው እንጉዳይ ይለቅማሉ። እናት መልካሙንና መርዛሙን እያሳየች ሰውም እንዲሁ ነው ትላለች፤ መርዛሞቹ አይሁድ ናቸው፣ አንድ መርዛም እንጉዳይ ቤተሰብ እንደሚፈጅ አንድ አይሁዳዊም መንደር፣ ከተማ፣ ሕዝብ ያጠፋል። (ሽትራይኸር በኑረምበርግ ችሎት ተፈርዶበት ኦክቶበር 16 ቀን 1946 ተሰቀለ፤ መጽሐፉም ከቀረቡበት ማስረጃዎች አንዱ ነበር።)

ምሳሌው ለምን ይጥማል? ስለ እንጉዳይ የሚናገረው እውነት ስለሆነ። አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይ ከሚበላው ጋር ይምታታል፤ ቢቀቀልም መርዙ አይለቅም፤ ጥቂቱ ሰው ይገድላል። የማያውቅ ሰው አልበላም ቢል ልክ ነው። ከዚህ እውነት ወደ ሰው ሲሻገር ግን ሦስት ነገር ሳይታይ አብሮ ይገባል።

አንደኛ፣ የእንጉዳይ መርዝ የዝርያው ነው። አማኒታ ፋሎይደስ ሁሉ መርዛም ነው፤ መርዛም ልሁን አልሁን ብሎ የሚመርጥ የለም። የሰው ግድያ ግን ድርጊት ነው፤ ቀን፣ ቦታና ፈጻሚ አለው። ምሳሌው ድርጊትን ባሕርይ አድርጎ ስለሚነሣ፣ ሊያረጋግጠው የሚገባውን ነገር ከመጀመሪያው ይዞ ነው የሚመጣው። ደግሞም እናትዮዋ ራሷ በተናገረችው አይጸናም፤ መልካም እንጉዳይና መርዛም እንጉዳይ ሁለት ዝርያ ከሆኑ አንዱ ሌላውን አያስጠይቅም።

ሁለተኛው ወጪው ነው፤ ምሳሌው በጣም የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው ብንል አንሳሳትም። እንጉዳዩን ብትጥለው እንጉዳዩ የሚያጣው ነገር የለም። አይበደልም፣ አያለቅስም፣ ልጅ የለውም። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው የበላተኛው ስጋት ብቻ ነው፤ በሌላው በኩል ምንም። ሚዛን አንድ ወገኑ ባዶ ከሆነ የትኛውም ስጋት፣ የጤፍ ቅንጣት ታህል እንኳ፣ ይደፋዋል። በሰው ሲሆን ግን በሌላው ወገን 30,000 እስረኛ፣ 7,500 ሱቅ፣ ዝቦንሺን ጋጣ ውስጥ ያደሩ ቤተሰቦች አሉ።

ሦስተኛው፣ ማን ነው በላተኛው? ምሳሌው ጀርመን የሚባለውን በላተኛ፣ አይሁድን ምግብ ያደርጋል። ግሪንሽፓን የተኮሰው ቤተሰቡ ከተባረረ በኋላ መሆኑ፣ ቀድሞ የተጎዳው ማን መሆኑ፣ በምሳሌው ውስጥ ቦታ የለውም። ምግብ ቅሬታ አያቀርብም።

ምስር የሚለቅም ሰው ጠጠር ቢያገኝ ጠጠሩን ያወጣል እንጂ ምስሩን አይደፋም የሚል መልስ የሚሰጥ ይኖራል። የተሻለ ምሳሌ ይመስላል፤ ግን እሱም ሰውን እየለቀሙ የሚጥሉት እህል አድርጎ ነው የሚጀምረው። ለቃሚው ማን ነው፣ በምን ሥልጣን ነው የሚለቅመው የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ያልፋል።

ይኸው ምሳሌ ልብስ እየቀየረ ዞሯል። በሴፕቴምበር 2016 በአሜሪካ የምርጫ ዘመቻ ላይ አንድ ሳህን ስኪትልስ ከረሜላ ፎቶ ተለጥፎ፣ ሦስቱ የሚገድሉ ቢሆኑ ከዚህ ትዘግናለህ ወይ የሚል ስለ ሶሪያ ስደተኞች ተጻፈ። የከረሜላው አምራች ኩባንያ መልስ አጭር ነበር፤ ስኪትልስ ከረሜላ ነው፣ ስደተኞች ሰዎች ናቸው አለ። ከብዙ የፍልስፍና ገጽ ይልቅ ይህች መልስ ስሕተቱን ነካችው።

አንድ ቃል፦ ኮንትሪቡትሲዮን

ሦስተኛው ምሳሌ ድንጋጌው ውስጥ በአንድ ቃል ተደብቋል። ክፍያው «ቅጣት» ወይም «ግብር» አልተባለም፤ «ኮንትሪቡትሲዮን» ነው የተባለው። ይህ ቃል በአውሮፓ የጦርነት ቋንቋ ድል አድራጊ ሠራዊት የያዘው ከተማ ላይ የሚጥለው መዋጮ ማለት ነው። ምሳሌው እንግዲህ ጦርነት ነው፤ አንዱ ወታደር ቢተኩስ ሠራዊቱ ተኮሰ፣ ከተማው ይክፈል።

ጦርነት ግን ሁለት ወገን ይጠይቃል። ከፋዮቹ በየዓመቱ ለዚያው መንግሥት ግብር የገበሩ ዜጎች ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 100,000 ያህል አይሁድ በጀርመን መለዮ ተሰልፈው 12,000 ያህሉ ሞተዋል። አንዱ በጠቅላላው ሕዝብ ስም የሚቆጠር ከሆነ እነዚያ 12,000ዎቹስ በማን ስም ተቆጠሩ? የጅምላ ወቀሳን ለመለየት ከዚህ ፈጣን መንገድ የለም፤ ጥፋቱ ለሁሉ ይከፋፈላል፣ ውለታው ግን የሠራው ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴም ለእሱም አይቆጠርለትም።

ግልባጩን ማየት

ተመሳሳይ ድርጊት ተፈጽሞ ሌላ ውጤት የመጣበትን መፈለግ ጥሩ ፈተና ነው፤ ይህ ጉዳይም በዚህ በኩል ሀብታም ነው።

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1936 ዳቮስ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዳቪድ ፍራንክፉርተር የሚባል አይሁዳዊ የሕክምና ተማሪ በዚያች አገር የናዚ ፓርቲ መሪ የነበረውን ቪልሄልም ጉስትሎፍን በጥይት ገደለ። ድርጊቱ ከፓሪሱ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጀርመን ውስጥ ግን አንድ መስታወት እንዳይሰበር ታዘዘ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጋርሚሽ-ፓርተንኪርሸን ላይ የክረምት ኦሎምፒክ ይከፈት ነበርና። የሕዝብ ቁጣ የኦሎምፒክ ፕሮግራም አይቶ አይነሣም።

ጁን 24 ቀን 1922 በርሊን ላይ የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቫልተር ራቴናው ተገደለ፤ እሱ አይሁዳዊ ነበር፣ ገዳዮቹ ቀኝ አክራሪ ጀርመናውያን። ጀርመናውያን በጠቅላላ ይክፈሉ ያለ ማንም የለም፤ ተከሳሾቹ ብቻ ለፍርድ ቀረቡ።

ኖቬምበር 8 ቀን 1939 ጌኦርግ ኤልዘር የሚባል ሽዋባዊ አናጺ ሙኒክ ላይ ለሂትለር ያጠመደው ቦምብ ፈንድቶ ስምንት ሰው ሞተ። ሽዋባውያን አልተቀጡም፣ አናጺዎችም አልተቀጡም። በማግሥቱ ቡከንቫልድ ካምፕ ውስጥ 21 አይሁዳውያን እስረኞች ተረሸኑ። እዚህ ላይ አካልና ጣት የሚለው ምሳሌ ራሱ ወድቋል፤ ጣቱ የሌላ ሰው ሆኖ እንኳ የሚመታው ያው አካል ነው።

የጊዜ ቅደም ተከተሉም ሌላ ታሪክ ይነግራል። ሂትለር በኦገስት 1936 ጀርመንን ለጦርነት የሚያዘጋጀውን የአራት ዓመት የኢኮኖሚ ዕቅድ ሲያስረዳ በጻፈው ማስታወሻ፣ አንዳንድ አይሁድ በኢኮኖሚው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት አይሁድ በሙሉ ተጠያቂ የሚሆኑበት ሕግ እንዲወጣ ጠይቆ ነበር። ኤፕሪል 26 ቀን 1938 ከ5,000 ማርክ በላይ ንብረት ያለው አይሁዳዊ ሁሉ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። የሙኒክ ትልቁ ምኩራብ በጁን፣ የኑረምበርጉ በኦገስት 1938 ፈርሰዋል። ግሪንሽፓን ሽጉጥ ሲገዛ ፍርዱ ተጽፎ፣ መዝገቡ ተሞልቶ፣ የጎደለው ጥፋቱ ብቻ ነበር።

የራሳችን ማመሳሰያዎች

አማርኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚመጣለት ነገር አለ። አንዱ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነው፤ ሌባው ካልታወቀ መንደሩ ይሰበሰባል፣ እስኪወጣ ድረስ አይበተንም፣ ካልወጣም ካሳውን ተካፍሎ ይከፍላል። ስለዚህ የጅምላ ዕዳ ለእኛም እንግዳ አይደለም፣ የጀርመኑ ምን ይለየዋል የሚል ይኖራል።

ማመሳሰሉ የሚሰበረው እዚህ ነው። አፈርሳታ የሚጠራው ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር ነው፤ ግሪንሽፓን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በፖሊስ እጅ ነበር። የመንደሩ ሰው የሚሰበሰበው አይቶ ወይም ሰምቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ ነው፤ በርሊን ያለ አይሁዳዊ ስለ ፓሪሱ ተኩስ ያወቀው ከጋዜጣ ነው። ሌባው ሲገኝም መንደሩ ይለቀቃል። አፈርሳታ በራሱ ብዙ ንጹሕ ሰው አስለቅሷል፤ ግን ቢያንስ የሚያበቃበት በር ነበረው።

የካቲት 12 ይበልጥ ይቀርባል። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ ሦስት ቀን የተጨፈጨፈው የአዲስ አበባ ሕዝብ ነው፤ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። የሁለት ሰው እጅ፣ የከተማ ሞት፣ ከላይ የመጣ ፈቃድ፣ ቅርጹ አንድ ነው። ልዩነቱን ያ «ኮንትሪቡትሲዮን» የሚለው ቃል ይነግረናል፤ አዲስ አበባ በጦር የተያዘች ከተማ ነበረች፣ በርሊን ግን በገዛ ዜጎቿ ላይ ነው የተያዘ ከተማ ሕግ ያወጣችው።

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳፍራል። ጎንደርና አካባቢው ቤተ እስራኤልን በቡዳነት ሲወቅስ ኖሯል። ልጅ ቢታመም የብረት ቀጥቃጩ ወይም የሸክላ ሠሪዋ ዓይን ነው ይባል ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉም ተብሏል። እንጉዳዩ ያለበት ቦታ ላይ ጅብ ተቀመጠ እንጂ ስሌቱ ያው ነው፦ ሙያውን ከትውልዱ፣ ትውልዱን ከመርዙ አገናኘው። ቢክድም የቡዳ ጠባዩ መካድ ነው ይባላል።

መንግሥትና ሕዝብ

ጀርመንስ በኋላ በጅምላ አልከፈለችም ወይ የሚል ክርክር ይነሣል። በሴፕቴምበር 10 ቀን 1952 የሉክሰምበርግ ስምምነት ምዕራብ ጀርመን ለእስራኤል 3 ቢሊዮን፣ ለአይሁድ የካሳ ጉባኤ 450 ሚሊዮን የጀርመን ማርክ ለመስጠት ተስማማች። ከፋዩ ግን መንግሥት ነው፤ የከፈለውም መንግሥት በሕግና በማኅተም ስለሠራው ነው። በትውልዱ ጀርመናዊ ስለሆነ ሒሳብ የተላከለት ግለሰብ የለም። የ1938ቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ማኅተም የሌላቸው ሰዎች ማንም ላልወከለው ልጅ ከፈሉ።

ይህ ልዩነት ዛሬም ይሠራል። የእስራኤልን መንግሥት ሥራ መንቀፍ መንግሥትን መንቀፍ ነው። ለዚያ ሥራ ፓሪስ ወይም ኒው ዮርክ ያለን አይሁዳዊ መጠየቅ ግን ወደ አካልና ጣት መመለስ ነው። ማርች 19 ቀን 2012 ቱሉዝ ውስጥ አይሁዳዊ ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ መምህርና ሦስት ሕፃናት ሲገደሉ ገዳዩ የፍልስጤም ልጆችን ደም መመለሴ ነው ብሏል። ስለ ፀረ-አይሁድነት ፍቺ በብዙ ነገር የማይስማሙት የ2016ቱ የዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት (አይ.ኤች.አር.ኤ.) ትርጉምና የ2021ዱ የኢየሩሳሌም መግለጫ በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ናቸው፤ አይሁድን በጅምላ ለእስራኤል ድርጊት ተጠያቂ ማድረግን ሁለቱም ፀረ-አይሁድነት ይሉታል። ሚዛኑ ለሌላውም ያው ነው፤ ለአንድ ታጣቂ ቡድን ሥራ ፍልስጤማውያንን ወይም ሙስሊሞችን በሙሉ የሚጠይቅም በዚያው እንጉዳይ ነው የሚከራከረው።

አከፋፈሉ

ኖቬምበር 12 ጎሪንግ በአየር ኃይል ሚኒስቴር የመራው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተርፏል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወካይ ኤድዋርድ ሂልጋርድ የመስታወቱ ጉዳት ብቻ 6 ሚሊዮን ማርክ እንደሚሆን፣ መስታወቱም ከቤልጅየም በውጭ ምንዛሪ እንደሚገዛ ተናገረ። ከዚያ የባሰ አለ፤ የተሰበረው መስታወት ብዙው የአይሁድ አይደለም፣ ሱቁን ያከራዩት አይሁድ ያልሆኑ ባለሕንጻዎች ነው። ጎሪንግ ይህን ያህል ንብረት ከምታጠፉ 200 አይሁድ ብትገድሉ ይሻለኝ ነበር አለ። ሌላ ድንጋጌ ወጣና ጥገናው በአይሁዳዊው ባለቤት ወጪ እንዲሆን፣ ኢንሹራንሱ የሚከፍለውን ደግሞ መንግሥት እንዲወስድ ታዘዘ። የተሰበረበት ሰው አሳዳሽም ካሳ ተነጣቂም ሆነ። ከስድስት ቀን በኋላ ጎሪንግ የግምጃ ቤቱ ሁኔታ አሳሳቢ እንደሆነና ከአይሁድ የሚገኘው ቢሊዮን ለጊዜው እንደሚያቀልለው ለመከላከያ ምክር ቤቱ ተናገረ።

ኖቬምበር 21 የአፈጻጸም መመሪያው ወጣ። መነሻው የኤፕሪሉ ምዝገባ ነው። ከ5,000 ማርክ በላይ ያለው ሁሉ የንብረቱን 20 በመቶ በአራት ጊዜ ይከፍላል፦ ዲሴምበር 15 ቀን 1938፣ ከዚያ ፌብሩዋሪ 15፣ ሜይ 15 እና ኦገስት 15 ቀን 1939። 40,000 ማርክ ያስመዘገበ ሰው በየጊዜው 2,000፣ በድምሩ 8,000 ማርክ ማለት ነው። ይህም ባለጸጋ የሆነ ሰው ከአገር ሲወጣ የሚቀማው 25 በመቶ የሽሽት ግብር ሳይቆጠር ነው። ብዙው ሀብት ቤት፣ ዕቃና የሱቅ ድርሻ እንጂ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1939 ጀምሮ ደግሞ አይሁድ ከንግድ ሥራ ታግደዋል። ሁሉም በአንድ ወር ሻጭ ሲሆን ዋጋው ወደቀ፤ ገዢው ይህን ያውቅ ነበር።

በመጨረሻ ለኖቬምበር 15 ቀን 1939 አምስተኛ ክፍያ ተጨመረና ድርሻው 25 በመቶ ሆነ። የ40,000ው ሰው 10,000 ከፈለ። መንግሥት የሰበሰበው ጠቅላላ 1.127 ቢሊዮን ማርክ ያህል ነው፤ ድንጋጌው ከጠየቀው 127 ሚሊዮን ይበልጣል።